ከገጹ ውጭ የቀረው፦ የአንድ የቆመ መጽሔት ዲስኬቶች ጉዳይ

መነሻ

በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በፒያሳ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ይህ ጽሑፍ ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ፣ ከአልጋ ሥር ስለወጡ ሁለት የጫማ ካርቶን ሙሉ ዲስኬቶች ነው። የቤቱ አባወራ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. በየወሩ ይወጣ የነበረ የኪነ ጥበብና የማኅበራዊ ጉዳይ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ነበሩ። መጽሔቱ ሲቆም ቢሮው ተለቀቀ፣ ኮምፒውተሮቹ ተሸጡ፣ ዲስኬቶቹ ቤት ገቡ።

ሴት ልጃቸው ካርቶኖቹን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው የኅትመት ዝግጅት ሥራ ላይ ስላለሁና የድሮ ፋይል ስለምነካካ ነው። የፈለገችው የአባቷ መጽሔት በስልክ እንዲነበብ ብቻ ነበር። ጉዳዩ መመዝገብ አለበት ያልኩት ግን በሥራው መሀል ሌላ ነገር ስለታየ ነው። መጽሔቱ በዲስኬት ላይ ያለው መልክና አንባቢ እጅ የገባው መልክ አንድ አልነበሩም፤ አንዱን በሌላው መተካትም ሰው ይጎዳል። የሰዎቹንም የመጽሔቱንም ስም አልጠቅስም። ምክንያቱ ወደ ታች ሲደረስ ግልጽ ይሆናል።

ዳራ

የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። የዝግጅት ክፍል ሲባል ብዙውን ጊዜ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ የተከራየች አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሌዘር ፕሪንተር ማለት ነበር። ጸሐፊው በእጁ ጽፎ ያመጣል። የኮምፒውተር ጽሑፍ የምትሠራዋ ልጅ ትመታዋለች። አራሚው በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ሌይአውቱ (የገጹ አደራደር) ፔጅሜከር በተባለ ፕሮግራም ይሠራል። ያለቀው ገጽ በትሬሲንግ ወረቀት (ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት) ይወጣና ወደ ማተሚያ ቤት ይወሰዳል፤ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው የአራት ኪሎው ብርሃንና ሰላም ደጃፍ ላይ ትሬሲንግ ጠቅልሎ ወረፋ ያልያዘ የዚያ ዘመን አዘጋጅ ያለ አይመስለኝም።

ኮምፒውተሩ ግን ያኔ ግዕዝን አያውቅም። አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነው፤ ከዚያ ውስጥም የማይነካው ብዙ ነው። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እነ ቋ፣ ሟ፣ ቧ፣ ቷ ያሉት ዲቃላ ሆሄያት፣ የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ከአንድ ፎንት ይተርፋሉ። ስለዚህ ሶፍትዌሮቹን የሠሩት ሰዎች ሁለት ዓይነት ብልሃት ተጠቀሙ። አንደኛው ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ማከፋፈል ነው። ሁለተኛው ቅርጾችን መገጣጠም ነው፤ ለምሳሌ "ኢ" እንደ አንድ ፊደል ሳይቀመጥ የ"አ" ቅርጽ ይመታና የሣልሱ ምልክት ይለጠፍበታል። ማሽኑ የሚያስቀምጠው ግን የፈረንጅ ፊደል ቁጥር ነው። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይታያል፤ ከሌለ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይወጣል።

በዚያ ላይ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አደራደር ነበራቸው። በአንዱ የተጻፈውን ሌላው አያነበውም። ቢሮ ለቢሮ ፋይል ሲላክ የመጀመሪያው ጥያቄ "በምንድን ነው የጻፋችሁት?" ነበር። ለዓለም ፊደላት ሁሉ በየማሽኑ የማይለወጥ አንድ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ተራ የዊንዶውስ ተጠቃሚ ተጨማሪ ሶፍትዌር ሳይጭን አማርኛ ማየት የቻለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ የተባለው የዊንዶውስ እትም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ለገበያ ሲቀርብ ነው። ይህ መጽሔት የሞተው ቪስታ ከመውጣቱ በፊት ነው። ዩኒኮድ በወጣ ጊዜ መጽሔቱ ገና ገበያ ላይ ቢሆንም ማንም አልሰማለትም፤ ብዙ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በድሮው ፎንት ሲጽፍ ኖሯል።

ችግሩ

ዲስኬቶቹ ባለ 3.5 ኢንች፣ 1.44 ሜጋባይት የሚይዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ላይ ሻጋታ ወጥቷል። ጥቂቶቹ ላይ የሚንሸራተተው ብረት ተጣሞ አይከፈትም። መለያ ወረቀታቸው ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው "ጥር የመጨረሻ"፣ "ጥር የመጨረሻ አዲሱ"፣ "ጥር እውነተኛው" የሚል ነበር፤ የየትኛው ዓመት ጥር እንደሆነ አይልም።

ውስጣቸው ሲታይ የፋይል ስሞቹ ከስምንት ፊደል አይበልጡም፤ ከዊንዶውስ 95 በፊት የነበረው ማሽን ከዚያ በላይ አይቀበልም ነበርና፤ ልማዱም ቆይቷል። ከነጥቡ በኋላ ሦስት ፊደል አለ። ስሞቹ ለባለቤታቸው እንጂ ለሌላ ሰው ትርጉም የላቸውም። ፋይሉ የተሠራበት ቀንም አልረዳም። አንዱ ኮምፒውተር የሰዓት ባትሪው ሞቶ ስለነበር በእሱ የተሠራው ሁሉ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ላይ ነው።

ከዲስኬቶቹ ሌላ አንድ ሲዲ ነበር። ዋና አዘጋጁ መጽሔቱ ሊቆም አካባቢ ለአንድ የኮምፒውተር ቤት ከፍለው "ሁሉንም ጽሑፍ በአንድ ቦታ" አስገልብጠዋል። ቤተሰቡ ተስፋ የጣለው በዚህ ሲዲ ላይ ነበር። "ዲስኬቱን ተወው፤ ሲዲው ላይ አለልህ" ነበር ያሉኝ ጋሼ።

ሲዲውን ማንበብ አላስቸገረም፤ ችግሩ ይዘቱ ነው። የኮምፒውተር ቤቱ ጽሑፎቹን በሙሉ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ነው ያስቀመጣቸው፤ በእንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ደግሞ የፎንት ስም አይቀመጥም። ፊደሉ ለሁለት ፎንት በተከፋፈለበት ሶፍትዌር ይህ ማለት አንድ ቁጥር ከየትኛው ፎንት እንደመጣ ጠፋ ማለት ነው። "ቋንቋ" የሚለው ቃል ሲከፈት ሁለቱም "ቋ" በሌላ ፊደል ተተክተው ይወጣሉ። "ቋንቋ"ን፣ "ጓደኛ"ን፣ "ሟች"ን ከዐውደ ንባቡ ገምቶ መመለስ ይቻላል። የሰውና የቦታ ስም ሲሆን ግን መገመቻ የለም። ሲዲውን ያዘጋጀው ሰው በክፋት አላደረገውም፤ "ሁሉም ማሽን ላይ የሚከፈት" የተባለውን ነው የመረጠው። ያም ሆኖ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሻጋታው ይልቅ ያጠፋው ይህ ምርጫ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ምንም ሳይከፈት እያንዳንዱ ዲስኬት ከፊትና ከኋላ ፎቶ ተነሣ፤ ቁጥርም ተሰጠው። ቀጥሎ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሽ መሸፈኛ ተገፍታ ቀዳዳዋ ተከፈተች። ቀዳዳዋ ክፍት ስትሆን ማሽኑ ዲስኬቱን ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ይህን ሳያደርጉ ዲስኬት መክተት ባለማወቅ ፋይል ላይ መጻፍን ሊያስከትል ይችላል።

በዩኤስቢ የሚሰካው ማንበቢያ ደህናዎቹን በቀላሉ አነበበ፤ የታመሙት ላይ ግን ቶሎ ተስፋ ቆረጠ። መርካቶ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች የተገኘ፣ ማንበቢያው ውስጡ የተገጠመ አሮጌ ዴስክቶፕ የተሻለ ሠራ። ሻጋታ ካለበት ዲስኬት በኋላ የማንበቢያው ራስ በአልኮል ካልተጠረገ ቀጣዩን ጤነኛ ዲስኬት ይቧጭረዋል፤ ስለዚህ ሻጋታ ያለባቸው ለብቻ ተለይተው መጨረሻ ላይ ተነበቡ። ፋይል በፋይል አልተገለበጠም። የዲስኬቱ ሙሉ ምስል፣ ማለትም በውስጡ ያለው ሁሉ እንዳለ በአንድ ፋይል፣ ነው የተወሰደው፤ ያልተነበበውን ክፍል ደጋግሞ የሚሞክረው ዲዲሬስኪዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ጠቅሟል። ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ተነበቡ፤ አንዳንዶቹ በከፊል። የ1991 ዓ.ም. ዲስኬቶች ከሞላ ጎደል ሞተዋል። ከካርቶኑ ሥር የነበሩት እነሱ ናቸው፤ የመሬቱ እርጥበት የገባውም በዚያ በኩል ነው።

ማሽኑ ከኢንተርኔትም ከሌላ ኮምፒውተርም ጋር አልተገናኘም። የዚያን ዘመን ዲስኬት ያለ ቫይረስ ማግኘት ይከብዳል፤ እዚህም ነበረ።

ሁለተኛው ሥራ መክፈት ነው። ፔጅሜከርን አልደስ እ.ኤ.አ. በ1985 አወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 አዶቤ ጠቀለለው፤ የመጨረሻው 7.0 እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ተተኪው ኢንዲዛይን የፔጅሜከርን ፋይል የሚከፍተው እስከ ሲኤስ6 እትሙ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት እምቢ ይላሉ። በሲኤስ6 ሲሞከር ተከፈተ፤ ነገር ግን የመስመሮቹ አሰባበር ተናጋ፣ ዓምዶቹም ተገፋፉ። ስለዚህ ወደ ኋላ ተመለስን፦ ዊንዶውስ 98 በምናባዊ ማሽን (አሮጌ ኮምፒውተርን በሚመስል ፕሮግራም) ውስጥ ተጫነ፣ በእሱ ላይ ፔጅሜከር 6.5፣ ከዚያ የዘመኑ ፎንቶች። ፎንቶቹን ያገኘነው ከዲስኬቶቹ በአንዱ ላይ ነው፤ መጽሔቱን ትመታ የነበረችው የኮምፒውተር ጸሐፊ "ለማንኛውም" ብላ ያስቀመጠቻቸው ናቸው። ያ ዲስኬት ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ ነበረው።

እያንዳንዱ እትም በመጀመሪያ እንዳለ ወደ ፒዲኤፍ ተቀየረ፤ ፎንቱ አብሮት እንዲቀመጥ ተደርጎ። ይህ መልክን ያስቀራል፤ ለፍለጋ ግን አይሆንም። ለፍለጋ ጽሑፉ የፎንት ስሙን እንደያዘ አርቲኤፍ በተባለ የፋይል ዓይነት ወጥቶ ወደ ዩኒኮድ ተለወጠ። የለወጠው አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በፓይተን የጻፈው አጭር ፕሮግራም ነው። የድሮውን ቁጥር ከዩኒኮዱ ፊደል ጋር የሚያዛምደው ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ፎንት ለብቻው ተዘጋጀ፤ ከሁለት ቁራጭ የሚሠሩት ፊደሎችም አስቀድመው እንዲፈለጉ ተደረገ። ካልሆነ "ኢትዮጵያ" ገና ከመነሻዋ "አ" ትሆንና ምልክቱ ሜዳ ላይ ይቀራል።

የኮምፒውተር ጸሐፊዋ

የፋይል ስሞቹን እንቆቅልሽ የፈታችው መጽሔቱን ትመታ የነበረችው ሴት ናት። ስሟ በየእትሙ ሁለተኛ ገጽ ላይ "የኮምፒውተር ጽሑፍ" በሚለው ሥር ተጽፎ ነበር። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶኮፒ ሱቅ አላት። የስሞቹን ዝርዝር በወረቀት አሳየናት። መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችውና፣

"ይሄ መጨረሻው ላይ 'ቲ' ያለው ታርሟል ማለት ነው። 'ዜድ' ያልኩት ዝግጁ የሆነውን ነው፤ ለትሬሲንግ።"

"'ኤም' ያለውስ እትዬ?"

"እሱ የኔ አይደለም። እሱ ማታ ማታ እየገባ የሚያበላሽብኝ ልጅ ነው" አለች፤ የሌይአውቱን ባለሙያ ማለቷ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ እትም አምስት ፋይል ቢኖረው እንኳ የትኛው የመጨረሻ እንደሆነ መለየት ተቻለ። ቁልፉ መጻፍ ስላለበት የነገረችን በሙሉ ተመዝግቦ ከፋይሎቹ ጋር ተቀምጧል። ስለ ሥራዋ ያወራችው ደግሞ ከፋይሎቹ ሰፋ ያለ ነው። መተየብ የጀመረችው በአማርኛ ኦሊቬቲ ነው፤ ወደ ኮምፒውተር ስትዛወር እጇ የለመደውን ይዛ መጣች። አራት ነጥብ ስትፈልግ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ትመታለች። በዓይን ልዩነት የለውም። ለማሽን ግን አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው፤ ሁለቴ የተመታ ሁለት ነጥብ ሌላ ነው። ዛሬም በስልክ የሚጽፈው ወጣት ታይፕ አይቶ ሳያውቅ እንደዚያው ያደርጋል። የእጅ ልማድ ከማሽን ማሽን ተሻግሮ የሚኖረው እንዲህ ነው፤ ስለ ዲጂታል ባህል ሲወራ ግን የሚነሣው አፕሊኬሽኑ ብቻ ነው።

ያልሠራው

መጽሔቱን በወረቀት አግኝቶ ስካን ማድረግና ፊደሉን በማሽን ማስነበብ ተሞክሮ ነበር፤ ቴሰራክት የተባለው ፊደል አንባቢ ፕሮግራም የአማርኛ ሞዴል አለው። ንጹሕ ገጽ ላይ የሚያስመሰግን ነው። የቆየ ጋዜጣ ወረቀት ላይ፣ ቀለሙ በተሰለበ ገጽ፣ የካዕብና የሣልስ ጭረቶች ሲደበዝዙ ግን ይሳሳታል። ከፋይል የተለወጠውን ለመመርመር እንደ ሁለተኛ ዓይን አገለገለ እንጂ ብቻውን አልበቃም።

ፎቶግራፎቹም አልተገኙም። በፋይሉ ውስጥ ፎቶ ባለበት ቦታ ባዶ ሳጥንና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ፎቶው በወረቀት ለማተሚያ ቤቱ ተሰጥቶ እዚያው በፊልም ይሰካ ነበር። መጽሔቱን በዲጂታል ብቻ ያየ ሰው ፎቶ አልነበረውም ሊል ይችላል።

ሌላው ያልተሳካው ችኮላ ነው። የአዘጋጁ ልጅ ከፋይል የወጣውን አንድ እትም ደስ ብሏት በቴሌግራም ለቀቀችው። ሰዉ ተቀባበለው። ሁለት ቀን ሳይሞላ የያኔው ዓምደኛ ለዋና አዘጋጁ ደወሉ። "ያቺ አንቀጽ እኮ አልወጣችም። ማተሚያ ቤት ደጃፍ ላይ ነው በምላጭ ያስወጣኋት" አሉ። ልጅቷ ፋይሉን አነሣችው፤ የተጋራውን ግን ማን ይሰበስበዋል።

ፋይልና ወረቀት

ሰውየው ልክ ነበሩ። በወመዘክር የተገኘው የዚያ እትም ቅጂ ላይ አንቀጹ የለም፤ በቦታው አንዲት የማስታወቂያ ሳጥን አለች። ከዚያ በኋላ የተገኘውን ሁሉ ከወረቀት ጋር ማመሳከር ግድ ሆነ። ወመዘክር ካልተገኘ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች፣ ከእነሱ ከጠፋ ከግለሰብ ተፈለገ። ማመሳከሪያው ዘዴ የጥንቱ ነው፦ አንዱ ጮክ ብሎ ከወረቀቱ ያነባል፣ ሌላው ስክሪኑን ይከተላል።

የተገኘው ልዩነት ከጠበቅነው በላይ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት የታየ ስሕተት ሲኖር ገጹን እንደገና ማተም ትሬሲንግ ማባከን ነው። ስለዚህ የታረመችው መስመር ብቻ በትንሽ ወረቀት ትወጣና በምላጭ ተቆርጣ ትለጠፋለች። ፋይሉ ላይ ግን ማንም ተመልሶ አያርመውም፤ እትሙ ወጥቷል፣ የሚቀጥለው ወር ደርሷል። ርዕስ የተለወጠበት፣ የሟች ስም የተስተካከለበት፣ አንድ ግጥም ሁለት ስንኝ የጎደለበት ቦታ አለ። አንባቢው ያነበበው ወረቀቱን ነው፤ የተከራከረበትም፣ ደብዳቤ የጻፈበትም እሱ ነው። "ዝግጁ" የተባለው ፋይል ከኅትመቱ አንድ ምሽት ወደ ኋላ የቀረ ረቂቅ ነው።

በሌላ በኩል ፋይሉ ወረቀቱ የሌለውን ይዟል። በፔጅሜከር ገጹ በነጭ ሜዳ መሀል ነው የሚቀመጠው፤ በሜዳው ላይ የተጣለ ነገር አይታተምም፣ ነገር ግን ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። በዚያ ሜዳ ላይ የተቆረጡ አንቀጾች፣ ያልወጡ ርዕሶች፣ "ይህን ለጋሼ አሳዩት" የሚሉ ማስታወሻዎች ተገኙ። ከአንዳንድ እትሞች ጋር ደግሞ የጸሐፊዎች ክፍያ ዝርዝር አለ። በዝርዝሩ ከብዕር ስሙ ጎን እውነተኛው ስም ተጽፏል።

እዚህ ላይ ሥራው ቆመ። በዚያ ዘመን በብዕር ስም የጻፈ ሰው ምክንያት ነበረው። አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ አንዷ ቤተሰቧ እንዳያውቅ ነው። ከመካከላቸው ዛሬም እንዲታወቅ የማይፈልግ አለ። ፋይሉን "ለታሪክ" ብሎ እንዳለ መልቀቅ መጽሔቱ ቃል ገብቶ የደበቀውን መግለጥ ነው። የአዘጋጁ ልጅ ጥናት ለሚሠሩ ቢሰጥ የሚል ሐሳብ ነበራት። ዋና አዘጋጁ ግን አጭር መልስ ሰጡ፦ "ያኔ አላወጣሁትም፤ ዛሬም አላወጣውም።" ትክክል ናቸው እላለሁ፤ ተመራማሪ ወዳጆቼ ቢቀየሙኝም።

የመብት ጥያቄ

የጸሐፊዎቹ መብትም ቀላል አልነበረም። መጽሔቱ ሲጀምር በሥራ ላይ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ዛሬ የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት የጽሑፍ ሥራ ጥበቃ ጸሐፊው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ከጸሐፊዎቹ ጋር የተፈረመ ውል የለም፤ ክፍያው በእጅ፣ አንዳንዴም በቡና ነበር። ስለዚህ በሕይወት ያሉት ራሳቸው፣ ያለፉት ወራሾቻቸው ተጠየቁ። ብዙዎቹ ደስ አላቸው። አንድ ገጣሚ የወጣትነት ግጥሙ እንዳይወጣ ጠየቀ፤ አልወጣም፤ ገጹ ላይ ቦታው ባዶ እንደሆነ ታውቋል። ያልተገኙት ሰዎች ሥራ በወመዘክር ያለውን ቁጥር በመጥቀስ ርዕሱ ብቻ ተመዝግቧል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፍ

ተመሳሳይ ሣጥን ቤቱ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የቆመ ጋዜጣ፣ የማኅበር ልሳን፣ የቴአትር ክበብ መጽሔት፣ የደብር ጉባኤ ጽሑፍ። ቢሮው ቢዘጋም ዲስኬቱና ሲዲው ቤት ይገኛል። ይህን ጉዳይ ለመሰሉት የሚሆነውን ልበል።

ከሁሉ በፊት ተራ ጽሑፍ አድርጎ ማስቀመጥን በድሮ ፎንት ለተጻፈ አማርኛ አለመሞከር ነው። ፎንቱ የጽሑፉ ጌጥ አይደለም፤ ግማሹ ጽሑፍ እሱ ነው። የፎንት ስም የሚይዝ መልክ መመረጥ አለበት፤ ፎንቶቹም ከፋይሎቹ ጋር አንድ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ዋናው ምስል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ለውጡ በቅጂው ላይ ይሠራ። ዛሬ የተሠራው ሠንጠረዥ ስሕተት ቢኖርበት ነገ የሚያርመው ሰው መነሻውን ማግኘት ይችላል።

የጻፈችውን ሰው ከማሽኑ በፊት መፈለግ ያዋጣል። በዚህ ጉዳይ አንድ ከሰዓት በኋላ በፎቶኮፒ ሱቅ የተደረገው ውይይት፣ ፋይሉን በመገመት ከባከነው ጊዜ በላይ ሠርቷል። እነዚህ ሴቶች — አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው — የግል ፕሬሱን ዘመን በጣታቸው የጻፉ ሆነው ሳለ ታሪኩ ሲጻፍ አይጠሩም። አዘጋጁና ዓምደኛው ብዙ ተጠይቀዋል።

አጻጻፉን "ማስተካከል" ሌላው ፈተና ነው። ያው መጽሔት በአንድ ገጽ "ፀሐይ"፣ በሌላው "ጸሀይ" ይላል። ለፍለጋው ሲባል ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን አንድ የሚያደርግ ማውጫ ከጀርባ ተሠራ፤ ሁለቴ የተመታው ሁለት ነጥብም እንደ አራት ነጥብ እንዲቆጠር ተደረገ። ለአንባቢ የሚታየው ጽሑፍ ግን እንደታተመው ቀርቷል። በዚያ ዘመን አማርኛ እንዴት ይጻፍ እንደነበር ለሚያጠና ሰው ያ መዘበራረቅ ራሱ ማስረጃ ነው።

ፋይልና ኅትመት ሲለያዩ ለአንባቢ የሚቀርበው ኅትመቱ ነው። ፋይሉ የዝግጅት ክፍሉ ማስታወሻ ስለሆነ እንደ ማንኛውም የግል ወረቀት ባለቤቱ በፈቀደው ሁኔታ ይያዛል። ከገጹ ውጭ ያለውን ሜዳ ሳይመለከቱ የድሮ የፔጅሜከር ፋይል ለማንም መላክ አይገባም።

አሁን ያለበት

ከወረቀት ጋር የተመሳከሩት እትሞች በፒዲኤፍና በሚፈለግ ጽሑፍ ተዘጋጅተው ቤተሰቡ እጅ ናቸው፤ ፈቃድ የተገኘባቸው ለአንባቢ ተከፍተዋል። የዲስኬቶቹ ምስሎች፣ የክፍያ ዝርዝሮቹን ጨምሮ፣ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጠዋል። አንዱ ዋና አዘጋጁ ጋ ነው። ሌላው በታሸገ ፖስታ ሴት ልጃቸው ጋ ተቀምጧል፤ ፖስታው የሚከፈተው በዝርዝሩ ያሉት ሰዎች ካለፉ በኋላ እንደሆነ ተጽፎበታል። ከ1991ዱ እትሞች የመጋቢቱና የሚያዝያው በፋይልም በወረቀትም አልተገኙም። የኮምፒውተር ጸሐፊዋ የሚያዝያው የፋሲካ ልዩ እትም እንደነበርና የሽፋኑን ርዕስ ሦስት ጊዜ እንዳስቀየሯት ታስታውሳለች፤ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለችም።